የፒክስል ናፍቆት፦ የቀደምት የቤት ኮምፒውተሮች ምስል በዜድ ኤክስ ስፔክትረም ማሳያነት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ለ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤት ኮምፒውተር ምስሎች የሚታየውን ናፍቆት ይመረምራል። ናፍቆቱ የማሽኑን ገደብና የምስሉን መልክ እንደ አንድ ነገር እንደሚወስድ ያሳያል። ገደቡ በቁጥር ይረጋገጣል፤ ዛሬ የዘመኑ መለያ ተደርጎ የሚታየው ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ነጥብ ግን በአመዛኙ የጠፍጣፋ ስክሪን ውጤት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ናፍቆት፣ ፒክስል፣ የቤት ኮምፒውተር፣ የዲጂታል ቅርስ

1. መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዋ ስቬትላና ቦይም በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ናፍቆትን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የጠፋውን ቤት እንደነበረ መልሶ ማቆም ይሻል፤ ሁለተኛው ከጠፋው ነገር ጋር ያለውን ርቀት ተቀብሎ ያሰላስላል። ይህ ክፍፍል ለፒክስል ሥዕል ጥናትም ይጠቅማል። ሆኖም መልሶ ማቆም የሚሻ ሰው አስቀድሞ የጠፋው ነገር ምን እንደነበረ ማወቅ ይኖርበታል።

2. የገደቡ ምንጭ

ዜድ ኤክስ ስፔክትረም በእንግሊዝ አገር በሲንክሌር ሪሰርች ኩባንያ ተሠርቶ በ1982 ለገበያ ቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች 16 ወይም 48 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ ነበራቸው። ምስሉ 256 በ192፣ በድምሩ 49,152 ነጥቦች ነበሩት። ማሽኑ 15 ቀለማት ያሳይ ስለነበር የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ለብቻው ለመመዝገብ 4 ቢት፣ በጠቅላላ 24,576 ባይት ያስፈልግ ነበር። ይህ ከአነስተኛው ሞዴል ሙሉ ማህደረ ትውስታ፣ ከ16,384 ባይት፣ ይበልጣል።

መፍትሔው ቅርጽንና ቀለምን ለይቶ መመዝገብ ሆነ። ቅርጹ ለአንድ ነጥብ 1 ቢት እየተመደበለት 6,144 ባይት ያዘ። ቀለሙ 8 በ8 ነጥብ ላለው ካሬ 1 ባይት እየተመደበለት 768 ባይት ብቻ ወሰደ። የቁጠባው ዋጋ ግን በአንድ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለማት በላይ ማሳየት አለመቻሉ ነበር። ቀይ ገጸ ባሕርይ በአረንጓዴ ዛፍ ፊት ሲያልፍ ከዛፉ ከፊሉ ይቀላል፤ ወይም ገጸ ባሕርዩ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል። በ1984 የወጣው «ናይት ሎር» የተሰኘው ጨዋታ ይህን የቀለም ግጭት የተሻገረው የጨዋታውን ክፍል በጥቁር መደብ ላይ በአንድ ቀለም ብቻ በመሳል ነው። ዛሬ እንደ ውበት ምርጫ የሚደነቀው የቀለም ቁጥብነት መነሻው የባይት እጥረት ነበር።

3. የመልኩ ምንጭ

ስፔክትረም ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው በአንቴና መሰኪያ በኩል ነበር። ቀለምና ብርሃን በአንድ ሲግናል ተደባልቀው ስለሚተላለፉ በካቶድ ጨረር ቱቦው ላይ የነጥቦቹ ጠርዝ ይለዝባል፤ ጎረቤታሞች ቀለማትም ይዋሃዳሉ። በዘመኑ የነበሩ ሠዓሊዎች ሁለት ቀለማትን ነጥብ በነጥብ እያፈራረቁ የሦስተኛ ቀለም ስሜት ይፈጥሩ ነበር። ያው ፋይል በዛሬ ስክሪን ሲከፈት ፍርርቁ እንደ ዳማ ሰሌዳ ፈጦ ይታያል። በባይት ደረጃ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ተመልካቹ የሚያየው ምስል ግን ሌላ ነው።

4. ያልነበረ ማሽን

ፒኮ-8 በሶፍትዌር ብቻ ያለ፣ በአካል ተሠርቶ የማያውቅ የጨዋታ ማሽን ነው። ስክሪኑ 128 በ128 ነጥብ፣ ቀለማቱ 16 ናቸው። ተጠቃሚው የሚመለስበት ጥንታዊ ዕቃ የለም፤ የሚወርሰው በጥቂት ነገር የመሥራትን ሥርዓት ነው። ቀድሞ በዋጋ ምክንያት የተጫነው ገደብ እዚህ በፈቃድ የተገባ ደንብ ሆኗል። በቦይም ክፍፍል ሲታይ ይህ ወደ ሁለተኛው ናፍቆት ያደላል፤ ስፔክትረምን በዓይኑ ያላየ ወጣትም ሊካፈለው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

5. መደምደሚያ

ከዚህ የሚከተለው ለዲጂታል ቅርስ አያያዝ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ፋይሉ አንድ ባይት ሳይጎድልበት ተጠብቆ ምስሉ ግን ሊጠፋ ይችላል፤ ቱቦዎቹ እያረጁ ሲሄዱም አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የዘመኑን ምስሎች የሚሰበስብ ተመራማሪ ከፋይሉ ጋር የታየበትን ቴሌቪዥን ዓይነት፣ የግንኙነቱን ስልትና ከሚሠራ ቱቦ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። የተጠቃሚዎችን ትውስታ የሚያጠናም መጠይቁን ከማቅረቡ በፊት ሁለቱንም መልኮች ጎን ለጎን ቢያሳይ፣ መላሹ የሚናፍቀው የትኛውን እንደሆነ ለመለየት ይችላል።