ፀሐይና ቆዳችን

አጨዳ ሲደርስ ከጧት እስከ ማታ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን እንውላለን። በላብ እንጠመቃለን፤ ቆዳችን ግን ቶሎ አይቃጠልም። ለምን? በቆዳችን ውስጥ ጥቁር ቀለም ስላለ ነው። ቀለሙ እንደ ጥላ ሆኖ ጨረሩን ይከላከልልናል።

ይህ ቀለም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ጸጉራቸውም ቆዳቸውም ነጣ ያለ ነው። አልቢኖ ይባላሉ። አንዳንዶቻችን «እርግማን ነው»፣ «ለምጽ ነው» እንላለን። ሐሰት ነው። እርግማንም፣ ለምጽም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ልጁ የወረሰው ከእናቱም ከአባቱም ነው። ስለዚህ በእናቲቱ ማሳበብ ስሕተት ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ «ከብት ጠብቅ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ቢውል ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል። ቃጠሎው ዓመት ከዓመት ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ካንሰር ደግሞ ይገድላል።

ታዲያ ልጁን እንዴት እንጠብቀው?

1. ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ይዋል። የደጅ ሥራ ካለበት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሥራ።
2. እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ረጅም ሱሪ ይልበስ። ፊቱን፣ ጆሮውንና አንገቱን የሚያጠላ ሰፊ ባርኔጣ ያድርግ። ባርኔጣ ከሌለ ነጠላ ይከናነብ፤ ጃንጥላም ይያዝ።
3. የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተገኘ ልብስ ያልሸፈነውን ቆዳ ይቀባ።
4. «ደመና ነው፣ ብርድ ነው» ብለን አንዘናጋ። ጨረሩ በደመና ውስጥ ያልፋል። ወደ ደጋ በወጣን መጠንም ይበረታል።

ቢቃጠልስ? ወዲያው ጥላ ውስጥ እናስገባው። ጨርቅ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነክረን የተቃጠለው ላይ እናድርግለት። ውሃ በብዛት ይጠጣ። ውሃ የቋጠረውን አናፍርጠው። ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት አንቀባው፤ ቁስሉን ያባብሰዋል። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ካተኮሰው ወይም ካስመለሰው ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በ4 ሳምንት ያልዳነ ቁስልም አይናቅ። ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል።

«ልጁ ጥላ ሥር ከዋለ ከብቱን ማን ይጠብቃል?» የሚል አይጠፋም። ጎረቤት ከጎረቤት ተራ እንግባ። ለከብቱ እረኛ አይጠፋም፤ ለልጁ ግን ምትክ የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አልቢኖ የሆነን ልጅ ፀሐይ ቶሎ የምታቃጥለው ለምንድን ነው?
2. ቆዳ በፀሐይ ሲቃጠል ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?
3. በመንደራችን እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ጎረቤቶቹ በምን እንረዳዋለን?