ስለ መብራት ዕቃ ዕድሜ የተጻፈ ትምህርት

ገበሬ የማረሻው ጫፍ ባለቀበት ጊዜ ማረሻውን አይጥለውም። ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ቀጥቃጩም በእሳት አግሎ፥ ቀጥቅጦ፥ ስል አድርጎ ይመልስለታል። በከተማ የሚኖር ሰው ግን አምፖሉ የጠፋበት እንደ ሆነ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ሌላም ይገዛል። አንዱ ዕቃ የሚታደስ፥ ሌላው የሚጣል የሆነው ስለ ምንድር ነው? በሆላንድ አገር ያለ አንድ መብራት ሠሪ ኩባንያ የሄደበትን መንገድ ብንመረምር መልሱን እናገኛለን። በዚህ ትምህርት ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ 1000 ሰዓት ውል

ጄራርድ ፊሊፕስና አባቱ ፍሬዴሪክ በ1891 ዓ.ም. አይንድሆቨን በምትባል ከተማ የአምፖል ፋብሪካ አቆሙ። የዚያ ዘመን አምፖል በብርጭቆ ውስጥ ያለ ቀጭን ክር በኤሌክትሪክ ኀይል ግሎ የሚያበራበት ነበር። በ1924 ዓ.ም. ፊሊፕስ፥ የጀርመኑ ኦስራምና ሌሎችም ታላላቅ አምፖል ሠሪዎች በጄኔቫ ከተማ ፌቡስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ገበያውን ተከፋፈሉ፤ የአንድ አምፖል ዕድሜም 1000 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተዋዋሉ። ከዚያ በፊት 1500 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቈዩ አምፖሎች ነበሩ። ከተወሰነው ሰዓት አብልጦ የሚቈይ አምፖል የሠራ ፋብሪካ መቀጫ ይከፍል ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ ማኅበሩ ፈረሰ።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ነበራቸው፤ እርሱንም መስማት ይገባል። ክሩ እጅግ ከጋለ ብርሃኑ ይጠራል፥ ዕድሜው ግን ያጥራል። ጥቂት ከጋለ ዕድሜው ይረዝማል፥ ነገር ግን ለዚያው ያህል ብርሃን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ምርጫውን ያደረገው ሻጩ ነው እንጂ ገዢው አይደለም፤ ሻጩም አምፖሉ በቶሎ ሲጠፋ ይጠቀም ነበር።

፪ኛ፤ የካርቦን ጋዝ ከወዴት እንደሚወጣ

አምፖል ራሱ አይጨስም። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከሌላ ነዳጅ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ነዳጁ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ይህም ጋዝ ከምድር የሚነሣውን ሙቀት ይዞ ስለሚያስቀር ዓለምን ያሞቃታል። አንድ አምፖል ከሚያስከትለው ጋዝ የሚበዛው የሚወጣው አምፖሉ በፋብሪካ ሲሠራ ሳይሆን በቤት ሲበራ ነው።

ይህን በሒሳብ እንመልከት። 60 ዋት የሆነ የክር አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 300 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዓመት 109 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ100 እጅ 90 እጅ የሚሆነውም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ አምፖል ግን ለዚያው ብርሃን 8 ዋት ያህል ይበቃዋል፤ በዓመት የሚፈጀው 15 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በሀገራችን አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውኃ ኀይል ስለሚገኝ ጋዙ ጥቂት ነው፤ ሆኖም የተቈጠበው ኀይል ለሌላ ቤት ይተርፋል።

፫ኛ፤ ኩባንያው ስላደረገው ነገር

የፊሊፕስ የመብራት ሥራ በ2016 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተለየ፤ በ2018 ዓ.ም. ሲግኒፋይ ተባለ። በ2020 ዓ.ም. ኩባንያው በራሱ ሥራ ከካርቦን ዕዳ ነፃ መሆኑን አስታወቀ። ይህን ያደረገው ነዳጅ ሳይቃጠል የሚገኝ ኤሌክትሪክ በመግዛት ነው፤ ሊያስቀረው ያልቻለውን ጋዝ ደግሞ በሌላ ስፍራ ጋዝ ለሚቀንሱ ሥራዎች ገንዘብ በመክፈል አካካሰ። አስተዋይ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። መጀመሪያ፥ ከፍሎ ማካካስ ጋዙን ራሱን ከማስቀረት ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛ፥ ይህ ሒሳብ የኩባንያውን ሥራ ይቈጥራል እንጂ በገዢው ቤት የሚበራውን መብራት አይቈጥርም።

ኤል ኢ ዲም የራሱ ጕድለት አለው። ብርሃን ሰጪው ክፍል ገና ብዙ ሺህ ሰዓት ሊሠራ ሲችል፥ ኤሌክትሪኩን የሚመጥንለት ትንሽ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይበላሻል። ዕቃው በማጣበቂያ ተዘግቶ ከሆነ ደኅናው ከተበላሸው ጋር አብሮ ይጣላል። በካቻቢቴ በሚፈታ ብሎን ታስሮ ከሆነ ግን የተበላሸው ብቻ ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጸና ደንብ አውጥቶ፥ በቂ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እነዚህ ክፍሎች በተለመደ መሣሪያ ሊለወጡ የሚችሉ እንዲሆኑ አዘዘ።

፬ኛ፤ አምፖልን ትቶ ብርሃንን ስለ መሸጥ

ቶማስ ራው የሚባል በአምስተርዳም የሚሠራ የሕንፃ ነዳፊ ለፊሊፕስ እንግዳ ጥያቄ አቀረበ፤ «ለመሥሪያ ቤቴ አምፖል መግዛት አልሻም፤ የምሻው ብርሃን ብቻ ነው» የሚል ነበር። ሐሳቡ እየሰፋ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የአምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ስኪፖል እንዲህ ያለ ውል ገባ። በውሉ መሠረት ማረፊያው ለብርሃኑ ይከፍላል፤ 3700 የሚሆኑት የመብራት ዕቃዎች ግን የፊሊፕስ ገንዘብ ሆነው ይቀራሉ። በዚያን ጊዜ እንደ ተገለጸው፥ የኤሌክትሪኩ ፍጆታ በግማሽ የሚቀንስ፥ የዕቃዎቹም ዕድሜ ከተለመደው ከ100 75 እጅ የሚረዝም ነበር።

እዚህ ላይ ምሥጢሩ ይገለጣል። ሻጩ ባለቤት ሆኖ ከቀረ፥ መብራቱ ሲበላሽ ኪሳራው የራሱ ነው፤ ስለዚህ የሚጸናና የሚጠገን ዕቃ ይሠራል። በ1924 ዓ.ም. የ1000 ሰዓት ውል ከገቡት አንዱ የነበረው ያው ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. ረጅም ዕድሜ ያለው መብራት ሠራ። በመካከሉ የተሻሻለው ጥበቡ ብቻ አይደለም፤ የጥቅሙም አቅጣጫ ተለወጠ። እንግዲህ የገጠር ትምህርት ቤት የመብራት ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ፥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በምንስ ይፈታል?» ብሎ ይጠይቅ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የክር አምፖል ዕድሜው ሲረዝም ብርሃኑ የሚደክመው ስለ ምንድር ነው?
2. አንድ ትምህርት ቤት 10 የክር አምፖሎችን በኤል ኢ ዲ ቢለውጥ፥ ከላይ በተጻፈው ሒሳብ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይቈጥባል?
3. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች የሚጠገኑትንና የሚጣሉትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱንም ሽማግሌዎችን ጠይቁ።