የፓራውዛን ኃይል ከማሳደግ በፊት የሽቦውን ብቃት ማረጋገጥ፦ ለዱመርሶና አካባቢው የሌሊት ጉዞ የቀረበ ትንተና

መግቢያ

በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኘው ዱመርሶ በቡናዋ ትታወቃለች። በለቀማ ወራት ቀይ የቡና ፍሬ ሳያድር ወደ ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ ስለሚገባው ተሽከርካሪዎች ከመሸም በኋላ ይጓዛሉ። ጭጋግና ጠመዝማዛ መንገድ ባለበት አካባቢ ከፍተኛ ዋት ያለው አምፖል ማስገባት ቀላል መፍትሔ መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከአምፖሉ ይልቅ በሽቦው ላይ መሆኑን ማሳየት ነው።

የችግሩ ምንጭ

በ12 ቮልት መኪና ላይ ሁለት ባለ 60 ዋት ረጅም መብራቶች 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ኃይሉ ከባትሪ በመሪው አጠገብ ባለው ማብሪያ ዞሮ በ5 ሜትር ርዝመትና በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢያልፍ የሽቦው ተቃውሞ 0.0875 ኦም ይሆናል። በዚህም 0.88 ቮልት በመንገድ ይባክናል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ 3.4ኛ ርቢ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ከ13.5 ቮልት ላይ ይህ ሲቀነስ የብርሃኑ አንድ አምስተኛ ይጠፋል።

በ100 ዋት አምፖሎች ቢተኩ ፍሰቱ 16.7 አምፔር ይደርሳል። የሚባክነው ቮልቴጅ 1.46 ሲሆን፣ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ8.8 ወደ 24 ዋት ያሻቅባል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት የሽቦውን ብቸኛ መከላከያ ማስወገድ ነው፤ ውጤቱም የማብሪያው መቅለጥ፣ በኩርባ ላይ ድንገተኛ ጨለማ ወይም ቃጠሎ ሊሆን ይችላል።

አስተማማኝ አሠራር

መፍትሔው ሪሌ ነው። ነባሩ ማብሪያ የሪሌውን መጠምጠሚያ (85 እና 86) ብቻ ያዝዛል። ዋናው ኃይል ከባትሪ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ወደ 30 ይገባል፤ 25 አምፔር ፊውዝም ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። ከ87 የሚወጣው መስመር ለሁለት ተከፍሎ በየራሱ 15 አምፔር ፊውዝና በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ወደ አምፖሎቹ ይደርሳል። በዚህ አከፋፈል አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይበራል። ለአጭር መብራት ሌላ ሪሌ ያስፈልጋል። ማሳው ከቀለምና ከዝገት በጸዳ ብረት ላይ ይታሰራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይታከላሉ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ማብሪያው የሚቆርጠው የማሳውን መስመር በመሆኑ፣ ከመቁረጥ በፊት በቮልት መለኪያ መፈተሽ ግድ ነው። በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይም የ24 ቮልት ሪሌ እንጂ የ12 አይገጠምም።

ማጠቃለያ

ከላይ በተገለጸው ዝርጋታ ነባሩ 60 ዋት አምፖል 13.3 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ብርሃኑም ያለ አዲስ አምፖል አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ለሃሎጅን በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ከልክ ያለፈ ዋት ማስገባት ግን ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ለሽቦ፣ ለማሳና ለጨረር አቅጣጫ ሊሰጥ ይገባል።