የድረ ገጽ ማደሪያ አመራረጥ፦ ለቁም እንስሳት ነጋዴ ከወርሃዊው ዋጋ የሚቀድሙ ጥያቄዎች

አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል እንበል። ጂዳ ያለ ገዢ ከአንድ የጅግጅጋ ነጋዴ 2,000 በግና ፍየል ለማዘዝ አስቧል። ቀብድ ከመላኩ በፊት ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን ለማጣራት ስልኩን አውጥቶ የነጋዴውን ድረ ገጽ ይከፍታል። የሚያየው ግን የእንስሳቱን ፎቶ ወይም የድርጅቱን አድራሻ ሳይሆን፣ ስሙ ጊዜው እንዳለፈበት የሚናገር ባዶ ገጽ ነው። ነጋዴው አልከሰረም፤ በጎቹም በረት ውስጥ ናቸው። የእድሳት ማስታወቂያው ግን የተላከው ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጹን ሠርቶ ወደ ሌላ ሥራ በሄደው ባለሙያ ኢሜይል ነበር።

እንዲህ ያለው ጣጣ የሚጀምረው ፓኬጁ በተመረጠበት ዕለት ነው። ብዙ ሰው የድረ ገጽ ማደሪያ፣ በተለምዶ ሆስቲንግ የሚባለውን፣ ሲመርጥ የሚያየው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ የወሩን ዋጋና የቦታውን ስፋት። ከብት ገዢ ግን ቁመናውን ብቻ አይቶ ሒሳብ አይዘጋም። ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሆስቲንግም የሚገዛው እንዲሁ ነው።

ስሙ ሌላ፣ ቦታው ሌላ

ድረ ገጽ ተለይተው የሚከፈልባቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ዶሜይን ነው፤ ገዢው ስልኩ ላይ የሚጽፈው ስም ማለት ነው። ስሙ በዶት ኮም፣ በኢትዮጵያው ዶት ኢቲ ወይም በኬንያው ዶት ኬኢ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ፎቶውና ጽሑፉ የሚቀመጥበት፣ ቀንና ሌሊት ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ሰርቨር ላይ የሚከራይ ቦታ ነው። ስሙ ግመል ላይ እንደሚተኮስ ምልክት ነው፤ ቦታው ደግሞ እንደ በረት። በረት ቢበላሽ ወደ ሌላ ይዛወራል። ምልክቱ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ግመሉ የማን እንደሆነ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዶሜይኑ በማን ስም፣ በማን ኢሜይልና በማን ስልክ ተመዘገበ የሚል ነው። ባለሙያው ወይም የዘመድ ልጅ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ባለቤት ሆኖ መመዝገብ ያለበት ግን ነጋዴው ወይም ድርጅቱ ነው። የይለፍ ቃሉም በነጋዴው እጅ መሆን አለበት። ለዚህ የሚሰጠው ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ ባይሆን ይመረጣል። ምክንያቱም ስሙ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ስለሚቋረጥ ማስታወቂያው የሚደርስበት መንገድ ይጠፋል።

ዶት ኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፤ ድረ ገጹና ኢሜይሉ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቆሙ ይችላሉ። መዝጋቢው ድርጅት እንደ ደንቡ እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ እንዲታደስ ሊፈቅድ ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ በዚህ ጊዜ የሚከፈለው ከመደበኛው ብዙ ይበልጣል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። የአገር ስሞች፣ እንደ ዶት ኢቲና ዶት ኬኢ ያሉት፣ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ደንቡን ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ይገባል።

ምን ያህል ቦታ ይበቃል?

ፓኬጆች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የጋራ ሆስቲንግ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድረ ገጾች የሚያድሩበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጥገናውንም አቅራቢው ይሠራል። ቪፒኤስ የሚባለው ከሰርቨሩ ለብቻ የተከለለ ድርሻ ነው፤ አቅም ይሰጣል፣ ነገር ግን በየጊዜው የሚያድሰውና የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሙሉ ሰርቨር መከራየት ሲሆን ለአነስተኛ ንግድ አያስፈልግም። ከእነዚህ ውጭ ድረ ገጹን ራስ በራስ ገጣጥሞ ለመሥራት የሚያስችሉ አገልግሎቶች አሉ። ለጀማሪ ይቀላሉ፤ የተሠራውን ይዞ ወደ ሌላ አቅራቢ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ፎቶ፣ የዋጋ መጠየቂያ ቅጽና አድራሻ ላለው የእንስሳት ነጋዴ ድረ ገጽ የጋራ ሆስቲንግ ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጎብኚ 12 ፎቶ ቢያይና እያንዳንዱ 250 ኪሎባይት ቢሆን 3 ሜጋባይት ይሆናል። በቀን 100 ሰው ቢገባ በወር ወደ 9 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን ብዙ ርካሽ ፓኬጆች ይችሉታል። ፎቶዎቹ ስልኩ እንዳነሳቸው በ4 ሜጋባይት ቢጫኑ ግን አንድ ጎብኚ 48 ሜጋባይት ያወርዳል፤ ወሩ ሲያልቅ 144 ጊጋባይት ይሆናል። ገዢውም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ሆኖ ፎቶው እስኪከፈት አይጠብቅም። ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛት ይልቅ ፎቶውን ማሳነስ ይሻላል፤ ለዚህም ነጻ መሣሪያዎች አሉ።

«ገደብ የለሽ» የሚለው ቃልም ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውሉ ዝርዝር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የፋይሎች ብዛት ወይም የሰርቨሩ አጠቃቀም ገደብ ተጽፎ ይገኛል፤ ገደቡ ሲታለፍ ድረ ገጹ ሊታገድ ይችላል።

የዋጋው ጥርስ

ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ዋጋ የመጀመሪያው ጊዜ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ አቅራቢ በወር 3 ዶላር ብሎ ከአንድ ዓመት በኋላ 10 ዶላር ቢያስከፍል፣ የመጀመሪያው ዓመት 36፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 120፣ 120 ይሆናሉ፤ በሦስት ዓመት 276 ዶላር። ሌላው ከመጀመሪያው ጀምሮ በወር 6 ዶላር ቢጠይቅና ባይቀይር በሦስት ዓመት 216 ዶላር ነው። ርካሽ የመሰለው በ60 ዶላር ተወደደ። በተጨማሪም ዝቅተኛው ዋጋ የሚገኘው የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ክፍያ በአንዴ ሲፈጸም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸረው የሦስት ዓመቱ ድምር ነው፤ ዶሜይኑ፣ ኢሜይሉና መጠባበቂያ ቅጂው ተጨምረው።

የመክፈያው መንገድም ከዋጋው እኩል ይመዘናል። የውጭ አቅራቢዎች በአብዛኛው በዶላር የሚሠራ ካርድ ይጠይቃሉ። ነጋዴው ናይሮቢ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ከከፈለ፣ ካርዱ ሲቀየር ወይም ጊዜው ሲያልፍ ራሱን በራሱ ይታደሳል የተባለው አገልግሎት ሳይታደስ ይቀራል። የአገር ውስጥ አቅራቢ በብር፣ ኬንያ ያለው ደግሞ በኤም-ፔሳ የሚቀበል ከሆነ፣ ትንሽ ቢወደድም በሰዓቱ መክፈል የሚቻልበት መንገድ ይበልጣል።

ሰርቨሩ የት ይሁን?

በፋይበር ኬብል ውስጥ መልእክት በሴኮንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ በኬብል 6,000 ኪሎሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ ጉዞ ቢያንስ 60 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ለፎቶና ለጽሑፍ ገጽ ይህ ከከባድ ፎቶ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ከርቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ሲቆረጥ የሚሆነው ነው። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ዓለም አቀፍ ኢንተርኔቷ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ በርካታ ኬብሎች ተጎድተው ምሥራቅ አፍሪካን ጨምሮ ብዙ አካባቢ ተስተጓጉሎ ነበር። ሰርቨሩ አገር ውስጥ ሆኖ የአገሩ ግንኙነት ቢቋረጥ ጂዳ ወይም ናይሮቢ ያለው ገዢ ድረ ገጹን አያገኘውም። ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ ገዢው ይከፍተዋል፤ ነጋዴው ግን የሚመጣውን ጥያቄ ማየት አይችልም። ስለዚህ አብዛኛው ገዢ ያለበት አገር መታየት አለበት። በገጹ ላይ ደግሞ ድንበሩ ማዶ የሚሠራ ሁለተኛ ስልክ ቢኖር በእንዲህ ያለ ቀን ይጠቅማል።

አቅራቢዎች ሰርቨሩ 99.9 በመቶ ይሠራል ሲሉ በ30 ቀን ውስጥ ወደ 43 ደቂቃ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ ግን 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። ቃሉ ቢጣስ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ የሆስቲንጉ ኪራይ ክፍልፋይ ነው፤ ያመለጠውን ጭነት የሚክስ የለም።

ኢሜይል፦ ገንዘብ የሚጠፋበት በር

በእንስሳት ንግድ ትልቁ ኪሳራ ድረ ገጹ ለአንድ ሰዓት ሲቆም የሚመጣው አይደለም። አንድ አጭበርባሪ በነጋዴው ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ለገዢው ሲጽፍና ገዢው ሲያምን ነው። ፓኬጁ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት መዝገቦች ማስተካከል የሚፈቅድ መሆኑ ይጠየቅ። እነዚህ መዝገቦች በዚህ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች የትኞቹ እንደሆኑ ለተቀባዩ ያሳውቃሉ፤ በስሙ የተጭበረበረ መልእክት እንዲታገድም ይረዳሉ።

በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ተመሳሳይ ስም ተመዝግቦ ከተላከ ወይም የይለፍ ቃሉ ከተሰረቀ ግን መዝገቦቹ አይከላከሉም። ስለዚህ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በስልክ የሚረጋገጥ ባለሁለት ደረጃ መግቢያ ይከፈት። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማይነገርም ገዢው አስቀድሞ ይወቅ። ለውጥ ቢኖር በሚታወቀው ስልክ ተደውሎ ይረጋገጣል።

ገዢው ስልኩን የሚጽፍበት ቅጽ ያለው ድረ ገጽ ኤስኤስኤል የተባለው መቆለፊያ ያስፈልገዋል። ይህ አገልግሎት በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ለብቻው ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ አቅራቢ ምክንያቱን ያስረዳ። የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬትና የባንክ ሰነድ ቅጂ ደግሞ ማንም በሚያየው ገጽ ላይ አይጫንም፤ ለማስመሰያ ሊውል ይችላል።

መጠባበቂያ ቅጂና መውጫ በር

ድረ ገጹ ቢጠለፍ ወይም በስህተት ቢጠፋ የሚያድነው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። አቅራቢው በየስንት ቀኑ ይቀዳል? ለስንት ቀን ያቆያል? ለመመለስ ያስከፍላል? እነዚህ ከመክፈል በፊት ይጠየቁ። ቢሆንም ቅጂው በዚያው አቅራቢ ዘንድ ብቻ ካለ፣ አቅራቢው ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ ቅጂ አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ማስቀመጥና በዓመት አንዴ በትክክል መመለሱን መሞከር ያስፈልጋል።

ወደ ሌላ አቅራቢ መዛወር ሲያስፈልግ አሮጌው ወዲያው አይዘጋም። አዲሱ ቦታ ተሞክሮ ስሙ ወደዚያ ይጠቆማል፤ ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪደርስ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አሮጌው ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይ በመካከል የሚጠፋ ኢሜይል አይኖርም።

የእድሳት ቀንና አረፋ

ሆስቲንግ የሚታደሰው በፈረንጅ ቀን ነው፤ የእስልምናው ዓመት ግን በ11 ቀን ያህል ያጥራል። አረፋ እ.ኤ.አ. በ2024 ጁን 16፣ በ2025 ጁን 6 ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ወር ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ከአረፋ ገበያ ብዙ ሳምንት የሚርቅ የእድሳት ቀን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ሰሞን መካከል ሊወድቅ ይችላል። የሦስት ዓመት ውል የሚፈርም ነጋዴ ውሉ የሚያልቅበትን ዓመት አረፋ ይቁጠር። እድሳቱም ከመጨረሻው ቀን ሁለት ወር ቀድሞ ይከፈል።

ከመክፈል በፊት

ነጋዴው ለአቅራቢው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዘገባል? ወደ ሌላ መዝጋቢ ለመውሰድ ምን ያስፈልጋል?
2. የእድሳቱ ዋጋ ስንት ነው? የሦስት ዓመቱ ድምርስ?
3. በምን ይከፈላል? ክፍያው ሳይሳካ ቢቀር ለስንት ቀን ይታገሳሉ?
4. መጠባበቂያ ቅጂ በስንት ቀኑ ይወሰዳል? ነጋዴው ራሱ ማውረድ ይችላል?
5. የኢሜይል መከላከያ መዝገቦቹና ባለሁለት ደረጃ መግቢያው አሉ?
6. ችግር ሲፈጠር በስልክ ወይም በዋትስአፕ የሚመልስ ሰው አለ? ዓርብና እሑድስ?

ስድስተኛውን ከመግዛት በፊት መሞከር ይቻላል። በበዓል ዋዜማ ማታ አንድ ጥያቄ ልኮ መልሱ በስንት ሰዓት እንደመጣ ማየት ነው።

ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ደግሞ አዲስ ፓኬጅ ሳይፈልግ ዛሬ ማታ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። ድረ ገጹን ለሠራው ሰው ደውሎ ስሙ በማን እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቅ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት ወደ ራሱ ስም ያዛውረው።