በበጋ የማይራቆት ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን
በአቃቂ ቃሊቲ ጥቁር አፈር ላይ ለሚገኙ አጥቢያዎች የቀረበ የዕፅዋት መረጣ ትምህርት

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ በብዙ አጥቢያዎች የችግኝ ተከላ ይደረጋል። ካህናት ጸሎት ያደርሳሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ምእመናንም ችግኝ ይዘው ይመጣሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጥር 11 ቀን የጥምቀትን በዓል ስናከብር በሐምሌ የተከልነውን ለመቁጠር ብንሞክር፣ ከብዙዎቹ ጉድጓዶች የምናገኘው ደረቅ ዘንግ ብቻ ነው። በቀጣዩ ሐምሌም በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይተከላል። ለችግኙ የወጣው ገንዘብ ከምእመናን ዐሥራትና ስእለት የተገኘ ነውና ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳት አይደለም።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲንከባከባትና እንዲጠብቃት መሆኑን ኦሪት ትነግረናለች (ዘፍ. 2፥15)። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመት ሥራ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ የአበባውን መልክ ከማየታችን በፊት አፈሩንና ውኃውን ብንመረምር ግቢያችን በደረቁ ወራት ጭምር ቀለምና ልምላሜ ሊኖረው እንደሚችል ማሳየት ነው። ምሳሌ ያደረግነው የአቃቂ ቃሊቲን አካባቢ ነው፤ በተመሳሳይ አፈር ላይ የሚገኙ ሌሎች አጥቢያዎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

፩. የሚፈትነን ወቅት የትኛው ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅቶች ትከፍለዋለች፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በክረምት ምድር ሁሉ ስለሚለመልም ለግቢያችን ውበት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በወርኀ ጽጌም፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ዐደይ አበባና ሌሎች የሜዳ አበቦች ዐፀዱን ያስጌጡታል።

ፈተናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ ይቆማል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ስለሚወርድ በሜዳማ ቦታ ውርጭ ለስላሳ ቅጠሎችን ያቃጥላል። ቀኑ ደግሞ ፀሐያማና አቧራማ ነው። ይሁን እንጂ ኅዳር ጽዮን፣ ልደት፣ ጥምቀት፣ ዐቢይ ጾም፣ ሆሣዕናና ትንሣኤ የሚውሉት በዚሁ የደረቅ ጊዜ ውስጥ ነው። ሕዝቡ በብዛት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው፣ ጥላና ማረፊያም የሚፈልገው፣ ግቢያችን እጅግ በተራቆተበት ወቅት ነው ማለት ነው።

በአውሮፓ ያሉ የአትክልት ባለሙያዎች የበረዶውን ወቅት ለማለፍ አበባን ብቻ ተስፋ አያደርጉም። የማይረግፍ ቅጠል፣ ቀለም ያለው ቅርፊት፣ በቅርንጫፍ ላይ የሚቆይ ፍሬ ያላቸውን ዕፅዋት አስማምተው ይተክላሉ። የእነርሱ ችግር ብርድ፣ የእኛ ችግር ድርቀት ቢሆንም ዘዴው ለእኛም ይጠቅማል። የግቢ ውበት በአበባ ብቻ አይወሰንም፤ ቅጠልም ፍሬም ጥላም ውበት ነው።

፪. አፈሩን ማወቅ

አብዛኛው የአቃቂ ሜዳ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በክረምት የተቆፈረው ጉድጓድ እንደ ገንቦ ውኃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። በበጋ ደግሞ ስንጥቁ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል፤ የቀረውንም እርጥበት ያስወጣል። ስለዚህ በጥር በውኃ ጥም የሞተ የሚመስለን ችግኝ፣ ሥሩ አስቀድሞ በነሐሴ በውኃ ብዛት የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ገበሬዎቻችን የዚህን አፈር ጠባይ ያውቃሉ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ አፈሩን በእጅ እየሰበሰቡ ሰፊ መደብ ያበጃሉ፤ ትርፉንም ውኃ በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ያስወጣሉ። በአቃቂና በቢሾፍቱ አካባቢ ሽንብራ የሚዘራው ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ከሁለቱ የምንማረው ትርፉን ውኃ ማስወጣትን፣ የቀረውንም እርጥበት መጠበቅን ነው።

በዚሁ መሠረት ችግኝ በጎድጓዳ ስፍራ ሳይሆን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የአፈር መደብ ላይ ይተከል፤ ከመደቡ ጎን ውኃ የሚወጣበት ቦይ ይዘጋጅ። መስከረም ሲያበቃ አፈሩ ከመሰንጠቁ በፊት ላዩ ተኮትኩቶ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ሣሩ ግን የችግኙን ግንድ አይንካ። ምእመናን ጧፍ በሚያበሩበት ቦታ አጠገብ በደረቅ ሣር ፈንታ ጠጠር መጠቀም ከእሳት አደጋ ይጠብቃል።

ስለ ሕንፃም ማሰብ ይገባል። ትልቅ ዛፍ ከመሠረቱ አጠገብ ያለውን ጥቁር አፈር እርጥበት ሲመጥ አፈሩ ይኮማተራል፤ ግድግዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤተ መቅደሱና ከአዳራሹ ማራቅ ይመረጣል።

፫. ከችግኙ በፊት ውኃውን መቁጠር

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። በወንዙ ውኃ በለማ አፈርና አትክልት ውስጥ ጎጂ የሆኑ ከባድ ብረታ ብረቶች እንደተገኙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ብቻ በእርሱ ማጠጣት፣ በተለይም የሚበላ ፍሬና የምንነካው ቅጠል ላላቸው ተክሎች፣ አይገባም።

የተሻለው ምንጭ ጣሪያችን ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የአዳራሽ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ 10,000 ሊትር ይገኛል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ የሚያጥረን ዝናቡ ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው።

አንድ አዲስ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ቢጠጣ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት 30 ሳምንታት 300 ሊትር ያስፈልገዋል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ እንግዲህ የሚበቃው ለ33 ችግኞች ነው። በሁለተኛው ዓመት የእነዚህን ድርሻ በግማሽ ብንቀንስ ወደ 5,000 ሊትር ይተርፋል፤ በዚህም 16 አዳዲስ ችግኞች መጨመር ይቻላል። የበልግ ዝናብ ከመጣ ትርፍ ነው፤ ዕቅዳችን ግን በእርሱ ላይ አይመሥረት። 300 ችግኝ ተክሎ 290ውን ከማጣት 33 ተክሎ 30ውን ማሳደግ ይሻላል።

ውኃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከሚሰጥ በሳምንት አንድ ቀን ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ ከችግኙ አጠገብ ቀብሮ ውኃ መሙላትና አፉን መክደንም ይቻላል፤ ውኃው በሸክላው ቀስ እያለ ሰርጎ ሥሩን ያጠጣል።

፬. ምን እንትከል?

አብያተ ክርስቲያናት የሀገር በቀል ዕፅዋት መጠጊያ ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል። እኛም በመረጣችን ለሀገር በቀሉ ቅድሚያ ብንሰጥ የአባቶቻችንን ሥራ እንቀጥላለን።

ለማይረግፍ ቅጠል፦ ወይራና የሐበሻ ጽድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። የወይራ ቅጠል ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከበታቹ ወርቃማ ቡናማ ስለሆነ ነፋስ ሲያገላብጠው ሁለት መልክ ያሳያል። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚያድጉና ውኃ የሚተኛበትን ስፍራ የማይወዱ ስለሆኑ በግቢው ከፍተኛ ቦታ ይተከሉ። ለሰፊ ጥላ የሐበሻ ግራር ተመራጭ ነው።

ለደማቅ አበባ፦ ኮርች በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ብርቱካናማ ቀይ አበባ ያወጣል። ከቅርንጫፍ ቁራጭ ስለሚበቅል ወጪው አነስተኛ ነው። እሾኻማ በመሆኑና ፍሬውም መርዝ ስላለው ሕፃናት ከሚጫወቱበት ስፍራ መራቅ አለበት። እሬትም በደረቅ ጊዜ ቀይ የአበባ ዘንግ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ድንጋይ በተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ይስማማዋል።

ለቅጠል ቀለም፦ የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል። ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ሲታይ ዛፉ ያበበ ይመስላል።

ለፍሬና ለአጥር፦ ቀጋ የሀገራችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ሲረግፍ ብርቱካናማ ቀይ ፍሬ ይተካል። አጋም መዓዛ ያለው ነጭ አበባና የሚበላ ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ አለው። ሁለቱም እሾኻማ ስለሆኑ ከብት እንዳይገባ ያግዳሉ። ክትክታ ድርቀትን የሚችል፣ ቀላ ያለ ክንፋማ ፍሬ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ሰንሰል ከቁራጭ በቀላሉ የሚበቅልና ነጭ አበባ ያለው የአጥር ተክል ነው።

ለዝቅተኛና እርጥብ ጥግ፦ ውኃ የሚተኛበትን ስፍራ ከመጣል ይልቅ ዘንባባ መትከል ይገባል። ዘንባባ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ከመሆኑም በላይ ለሆሣዕና የምንይዘው ቅጠል ከራሳችን ግቢ እንዲገኝ ያደርጋል።

ከውጭ ከመጡት፦ ቡገንቪላ በደረቅና ፀሐያማ ጊዜ በይበልጥ ስለሚያብብ ለአጥር ይሆናል። በልደት ሰሞን የላይኛው ቅጠሉ የሚቀላው ፖይንሴቲያም ይጠቅማል። ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በሚበራ መብራት ሥር ቢተከል መቅላቱ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ውርጭ ስለሚጎዳውም ከለላ ይፈልጋል።

፭. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

ኮሶ ያማረ ቀይ የአበባ ዘለላ አለው፤ ነገር ግን የደጋ ዛፍ ስለሆነ ለእንጦጦ እንጂ ለአቃቂ ሜዳ አይስማማም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ስለሚመጥ ከሕንፃና ከችግኝ አጠገብ አይተከል። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም እየተዛመተ ሌላውን ተክል ያጠፋል፤ ከብትንም ይመርዛል። እምቦጭም ወደ ብዙ ሀገሮች የገባው በአበባው ውበት ነበር፤ ዛሬ በአባ ሳሙኤልና በጣና ያደረሰውን ሁላችንም እናያለን። ውበት ብቻውን የመረጣ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

፮. የሰበካ ጉባኤው የዓመት ሥራ

በጸደይ፦ ጉባኤው የጣሪያውን ስፋትና የማጠራቀሚያውን መጠን ይለካል፤ የችግኙን ቁጥር ይወስናል፤ መደብና ቦይ ያስዘጋጃል፤ አሸንዳውን ያስጠግናል።

በክረምት፦ ሐምሌ ሳያልፍ ይተከላል። ዘግይቶ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ደረቁ ጊዜ ይደርስበታል።

በመፀው፦ አፈሩ ይኮተኮታል፣ ይሸፈናል፤ አጥሩ ይጠበቃል። የዐደይ አበባ ዘር ሲደርቅ ተለቅሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። ከኅዳር ጀምሮ ለስላሳ ችግኞች ሌሊት ከውርጭ ይከለላሉ።

በበጋ፦ እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ምድብ በስም ተሰጥቶ ሳምንታዊ ውኃው ይመዘገባል። ለሁሉም የተተወ ችግኝ ማንም አያጠጣውም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሐምሌ በአጥቢያችን ስንት ችግኝ ተተከለ? ዛሬ ስንቱ በሕይወት አለ?
2. በግቢያችን በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ስፍራ የትኛው ነው?
3. የጣሪያችን ውኃ ወዴት ይሄዳል? በምን ያህል ወጪ ልናጠራቅመው እንችላለን?
4. ከኅዳር ጽዮን እስከ ትንሣኤ ባሉት በዓላት በግቢያችን የሚያብብ፣ የሚያፈራ ወይም ጥላ የሚሰጥ ምን አለን? የጎደለንስ ምንድን ነው?

የጥያቄዎቹ መልስ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ በሚቀጥለው ጥር ቢታይ፣ ምን እንደተከልን ብቻ ሳይሆን ምን እንደጠበቅን ለምእመናን መናገር እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።