ክቡ እንቁላል እንዳይሆን፦ የዲቪዲ ትምህርት በኤችዲ ቴሌቪዥን

እንደሚታወቀው ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ገባ። የሥርጭት ትምህርት ሰዓቱን እንጂ መምህሩን አይጠብቅም። ዲቪዲ ግን መምህሩ ባሻው ቦታ አቁሞ፣ መልሶ፣ ጠይቆ የሚያስተምርበት መርጃ መሣሪያ ነው።

ታዲያ «ቴሌቪዥኑ አዲስ ኤችዲ ነው፣ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ምክንያቱን ሳንረዳ ሪሞት ብንነካካ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ እንነሣ።

፩. ለምን ይደበዝዛል?

በፓል ሥርዓት የተቀዳ ዲቪዲ ወደ ጎን 720፣ ወደ ታች 576 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 414,720 ይሆናል። ሙሉ ኤችዲ ቴሌቪዥን 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ልክ አምስት እጥፍ! የጎደለውን መሣሪያው ከአጠገቡ ካሉት ነጥቦች እየገመተ ይሞላዋል። ስለሆነም ዲቪዲ በምንም ዘዴ ኤችዲ አይሆንም። የኛ ሥራ ያለውን ሳናበላሽ ማድረስ ነው።

፪. ገመድ

ቢጫው ገመድ ብርሃንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ስለሚያመጣ በፊደላት ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል። ኮምፖነንት የሚባሉት አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ገመዶች ለያይተው ስለሚያመጡ ይሻላሉ። ነጩና ሌላው ቀይ የድምፅ ናቸውና እንዳናምታታ። ዴኩ የኤችዲኤምአይ መውጫ ካለው ግን እሱን እንምረጥ፤ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ይሄዳሉ።

ገመድ መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም። በዴኩ «ሴትአፕ» ውስጥ የቪዲዮ መውጫው ከተሰካው ገመድ ጋር መስማማት አለበት። ለኮምፖነንት «ፕሮግረሲቭ» የሚለውን እንመርጣለን። በቢጫው እየሠራን ይህን ብንመርጥ በብዙ ዴኮች ላይ ምስሉ ይጠፋል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነም መጀመሪያ ጃኩ በትክክለኛው ቀዳዳ መግባቱን እንይ።

፫. ቅርጽ

በዴኩ ላይ የቴሌቪዥኑ ዓይነት 16:9 ይባል። የቆዩ ትምህርቶች ግን በ4:3 የተቀረጹ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል፤ ይቅር! «ማያው ይሙላ» ብለን ከለጠጥነው 30 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ክብ 40 ሳ.ሜ. ወርድ ይኖረዋል። በእንቁላል ላይ እኮ ፓይን ማስተማር አይቻልም።

ብዙ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣሉ። አዋሽ በጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪ.ሜ. ያህል ከተጓዘ በኋላ በኛው በአፋር አቤ ሐይቅ ይገባል። የካርታው የቀኝ ጠርዝ ከተቆረጠ የአሳይታ ልጅ በደጁ የሚያልፈው ወንዝ የት እንደሚያበቃ አያይም። በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለው ይህን ያስተካክላል።

፬. ማስተካከያና ክፍሉ

«ቪቪድ» የሚለው ለሱቅ ማሳያ እንጂ ለትምህርት አይመችም፤ «ስታንዳርድ» ይሁን። «ሻርፕነስ» ከመጠን ሲያልፍ ጉድለቱን ያጎላል እንጂ ምስሉን አያጠራውም፤ ዝቅ ይደረግ። ክፍሉ ብርሃን ከበዛበት «ባክላይት»ን ከፍ እናድርግ። የአሳይታ ፀሐይ ብርቱ ነችና ቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት ለፊትም መስኮት ሥርም አይቀመጥ፤ መስኮቱ በጎን በኩል ይሁን። ዴኩ ሥራ ሲፈታ ከአቧራ ይሸፈን፤ ሲሠራ ግን እንዲተነፍስ ልብሱ ይነሣለት። ዲስክ የሚጠረገው ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ነው፤ አይዞርበትም። መብራት ከሄደ ሶኬቱን እንንቀል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ አይደለም። ትምህርቱ ከአፍ መፍቻው ውጭ በሆነ ቋንቋ ሲቀርብለት ተማሪው ፊደሉን አጥርቶ ማየት ይገባዋል። የደበዘዘ ፊደል ሸክሙን እጥፍ ያደርግበታል። ስለዚህ ከክፍለ ጊዜው በፊት መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ትንሿን ጽሑፍ እናንብብ። እኛ ካላነበብናት ተማሪውም አያነባትም፤ ያን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ እንጻፋት።

መልመጃ
1. 720 በ480 የሆነ የኤንቲኤስሲ ዲስክ በሙሉ ኤችዲ ማያ ስንት እጥፍ ይሰፋል?
2. በክፍላችሁ ያለውን ቴሌቪዥን በክብ ሥዕል ፈትኑ፤ ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለክታችሁ አወዳድሩ።