ፈጣን ጥይት በነፋስ አይገፋምን?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ጥይት ምን አገባው ብላችሁ ገጹን ገልብጣችሁ ከማለፋችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የተጀመረው በማደሪያ ቤታችን በተነሣ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን «ጥይት በፈጠነ መጠን ነፋስ ሊገፋው ጊዜ ስለማያገኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አለ፤ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ እውነት ነው ብለን ተቀበልነው። በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሳሰላው ግን ቁጥሩ እንቢ አለኝ።

በመጀመሪያ ስለየትኛው ጥይት እንደምንነጋገር እንለይ። ቅድመ አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነውን የውጅግራን ቀለህ ከበስተኋላው ብንመለከት፣ በመካከሉ አንዲት ክብ ካፕሱል እናያለን፤ መርፌው የሚመታው እርሷን ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ካፕሱል የሌለውን ነው። እሳት የሚጭረው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተደርጎ ይቀመጣል፤ መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይፈነዳና ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ጉድለቱም ያለው እዚያው ብልሃቱ ላይ ነው። ጠርዙ በመርፌ እንዲጨፈለቅ የቀለሁ ብረት ስስ መሆን ይገባዋል፤ ስስ ከሆነ ደግሞ ብርቱ ግፊት አይችልም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (እ.አ.አ. ከ1861 እስከ 1865) የሄንሪና የስፔንሰር ጠመንጃዎች በዚህ ዓይነት ትልልቅ ጥይት ተኩሰዋል። ባሩድ እየበረታ በሄደ ጊዜ ግን ትልልቆቹ ቀርተው የቆዩት ትንንሾቹ ናቸው።

ከትንንሾቹ ሦስቱን እናነጻጽር። የመጀመሪያውና በዓለም እጅግ የተሠራጨው እ.አ.አ. በ1887 የወጣው 22 ሎንግ ራይፍል ነው። 22 ማለት የኢንች መቶኛ ሲሆን ወደ 5.6 ሚሊሜትር ይሆናል። አረሩ አብዛኛውን ጊዜ 2.6 ግራም ይመዝናል፤ ዝግተኛው ዓይነት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 330 ሜትር፣ ፈጣኑ ደግሞ 380 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለተኛው እ.አ.አ. በ1959 የወጣው 22 ማግነም ነው፤ ያንኑ 2.6 ግራም አረር በሰከንድ ወደ 575 ሜትር ይወረውራል። ሦስተኛው እ.አ.አ. በ2002 የመጣው 17 ኤች.ኤም.አር. ሲሆን አረሩ 1.1 ግራም ብቻ ሆኖ ፍጥነቱ ወደ 777 ሜትር ይደርሳል።

ኃይላቸውን ለማወቅ የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ማባዛት ነው። ዝግተኛው 22 ወደ 140 ጁል፣ 17ቱ 330፣ ማግነሙ 430 ያህል ይወጣል። ይህ ግን በአፈሙዝ ላይ ነው። 100 ሜትር ከተጓዙ በኋላ ማግነሙ ከግማሽ የሚበልጠውን ኃይሉን አጥቶ ወደ 200 ጁል ይወርዳል፤ 17ቱ ግማሽ ያህሉን ይከስራል፤ ዝግተኛው ግን የጎደለበት ሩቡ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚበርር ነገር ፊት ለፊቱ ያለውን አየር በማዕበል እየገፋ ስለሚሄድ ተቃውሞው እጅግ ይበረታበታል።

በመሬት ስበት በኩል ፈጣኑ ያለ ጥርጥር ይረታል። ዝግተኛው 22 መቶ ሜትር ለመድረስ የሰከንድ ሢሶ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአፈሙዙ መሥመር ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። 17ቱ የሚወርደው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጓደኛችን እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር።

ነፋሱ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋስ አረርን ወደ ጎን የሚገፋው በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ልክ አይደለም፤ ከአየሩ የተነሣ በዘገየበት ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ አየር ባይኖር ሊፈጅ ይገባው የነበረውን ጊዜ በእውነት ከፈጀው ጊዜ ቀንሰን፣ ልዩነቱን በነፋሱ ፍጥነት እናባዛለን። ዝግተኛው 22 አየር ባይኖር 100 ሜትርን በ0.303 ሰከንድ ይጨርስ ነበር፤ በእውነት የሚፈጅበት ግን 0.328 ያህል ነው፤ መዘግየቱ 0.025 ሰከንድ ነው። ከጎን በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢኖር አረሩ 10 ሴንቲሜትር ይገፋል። ፈጣኑ 22 አየር ባይኖር 0.263 ይበቃው ነበር፤ የሚፈጅበት ወደ 0.295 ነው፤ መዘግየቱ 0.032 ስለሆነ ወደ 13 ሴንቲሜትር ይገፋል። ቀድሞ የደረሰው የበለጠ ተገፋ ማለት ነው! ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደግሜ አስልቼዋለሁ፤ ያላመነ ያስላው። 17ቱም ያን ሁሉ ፍጥነት ይዞ ከዝግተኛው 22 እምብዛም የተሻለ አይደለም፤ ክብደት የለውምና አየሩ ቶሎ ያዘገየዋል።

የኦሊምፒክ ተኳሾች በ50 ሜትር ውድድር ዝግተኛውን 22 የሚመርጡት ስለዚህ ነው። የዒላማው የአሥር ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከድምፅ በላይ ወጥቶ በመንገድ ላይ ከድምፅ በታች የሚወርድ አረር በመሻገሪያው ላይ ሊናወጥ ይችላል፤ ቀድሞውኑ ከድምፅ በታች የወጣው ግን ይህ አያገኘውም።

እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የተሰሉ ናቸው። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይከብዳል፤ በደጋ አገር የተተኮሰ አረር ስለዚህ ፍጥነቱን ዘግይቶ ያጣል፤ ነፋሱም ያነሰ ይገፋዋል፤ የሚደርስበትም ይርቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከክርክሩ ይልቅ አሳስቦኛል። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን በአጎቴ ቤት ሳሳልፍ አንድ ዘመዳችን በ22 ጠመንጃ ከዛፍ ጫፍ ያረፈች ርግብ አልሞ ሳታት። ከሸለቆው ማዶ በአንዲት ሴትዮ ደጃፍ የተቀመጠ ጀሪካን ተበሳ፤ ሴትዮዋ ውኃ ሊቀዱ ጎንበስ ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ዘመዳችን «ይህች የወፍ ጠመንጃ ናት፤ እዚያ ድረስ ምን ያደርሳታል?» ብሎ ተከራከረ፤ አጎቴም አመኑት፤ ጀሪካኑ በእሾኽ ተበስቶ ይሆናል ተባለ። ወደ ላይ ያዘነበለ 22 አረር በባሕር ጠለል እንኳ እስከ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያ ሸለቆ ከወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ 600 ሜትር አይሞላም።